ጣሪያና ወለል፦ ካርትሪጅን ከፎኖ ፕሪአምፕ ጋር የማጣጣም የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው 60 ያህል ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎችን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። አብዛኞቹ የአምሃ ሬከርድስ፣ የካይፋና የፊሊፕስ ናቸው። አምሃ ሬከርድስ ሸክላ ያወጣው ከ1969 እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ፣ እነዚህ ሸክላዎች ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፋቸው፣ በየቤቱና በየቡና ቤቱ በከባድ መርፌ የታረሱ ናቸው። መርፌ በወረደባቸው ቁጥር ከቦዩ ትንሽ ይፋቃል። ስለዚህ የድምፁን ልክ ለማግኘት አንዱን ሸክላ አምስት ጊዜ ማጫወት አይገባም፤ ልኩ አስቀድሞ በመሣሪያዎቹ ላይ ተሠርቶ ማለቅ አለበት። ይህ ማስታወሻ የሚመለከተው ያንን ቅድመ ሥራ ብቻ ነው።

በጠረጴዛው ላይ ያሉት፦ በቀበቶ የሚዞር፣ ከአሜሪካ የመጣ የሸክላ ማጫወቻ፤ ሁለት ካርትሪጅ (መርፌውን የያዘውና መወዛወዙን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል)፣ ማለትም ኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95ኢ (ተንቀሳቃሽ ማግኔት፣ 4 ሚሊቮልት) እና ዴኖን ዲኤል-103 (ተንቀሳቃሽ ጥቅል ሽቦ፣ 0.3 ሚሊቮልት)፤ በኤንኢ5532 ኦፕአምፕ (የማጉያ ቺፕ) የተሠራ፣ በፕላስና ማይነስ 12 ቮልት የሚሠራ፣ የካርትሪጁን ደካማ ምልክት የሚያጎላ ፎኖ ፕሪአምፕ ቦርድ፤ የመግቢያ ልኩ የማይቀየር፣ በዩኤስቢ የሚገባ ሳውንድ ካርድ።

በዚህ ጽሑፍ «ጣሪያ» የምንለው ኮምፒውተሩ ከዚያ በላይ ሊጽፍ የማይችለውን ዜሮ ዴሲቤልን ነው። «ወለል» የምንለው ደግሞ መርፌው ከሸክላው ላይ ተነሥቶ እያለ የሚሰማውን የመሣሪያዎቹን የራሳቸውን ሹሹታ ነው።

ከመጀመር በፊት፣ ሒሳቡ

ካርትሪጅ የሚያወጣው ቮልቴጅ መርፌው በቦዩ ውስጥ ከሚወዛወዝበት ፍጥነት ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ፋብሪካው «4 ሚሊቮልት» ብሎ ሲጽፍ ከጀርባው የተለካበት ፍጥነት አለ፤ ብዙ ጊዜ በ1 ኪሎኸርዝ በሰከንድ 5 ሴንቲሜትር ነው። አንዳንድ ፋብሪካ ግን በ3.54 ሴንቲሜትር ይለካል። የሁለቱ ልዩነት 3 ዴሲቤል ነው። በ3.54 የተለካ 4 ሚሊቮልት በ5 ቢለካ 5.65 ይሆናል። ሁለት ካርትሪጆችን በወረቀት የሚያወዳድር ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ነው።

የሚፈለገውን ጌይን (ፕሪአምፑ ምልክቱን የሚያጎላበትን መጠን) በዴሲቤል ለማግኘት የምንፈልገውን ቮልቴጅ ካርትሪጁ በሚያወጣው ማካፈል፣ ከዚያ ሎጋሪዝሙን በ20 ማባዛት ነው። መቶ እጥፍ 40 ዴሲቤል ነው፤ ሺህ እጥፍ 60። ከፕሪአምፑ 0.4 ቮልት ገደማ እንዲወጣ ከተፈለገ፣ 9.5 ሚሊቮልት ለሚያወጣው ለሹር ኤም44-7 ከ32 እስከ 33 ዴሲቤል ይበቃዋል፤ 5.5 ለሚያወጣው ለኦርቶፎን ቱ ኤም ሬድ 37፤ ለ4 ሚሊቮልት 40፤ 1.6 ለሚያወጣው ለዴኖን ዲኤል-110 48፤ ለ0.3 ሚሊቮልት 62 ከግማሽ። ከሥሩ ትንንሽ ማብሪያዎች ያሉት ፕሪአምፕ የገዛ ሰው በዚህ ሒሳብ ቀረብ ያለውን መርጦ መጀመር ይችላል። መጀመሪያ ብቻ ነው ግን፤ የወረቀቱ ቁጥር ስለ ጣሪያውም ስለ ወለሉም አይናገርም።

1ኛ ቀን፣ ፍጥነቱ

የመለኪያ ሸክላ ላይ ያለው የ1 ኪሎኸርዝ ድምፅ በኮምፒውተሩ ላይ 833 ኸርዝ ሆኖ ተነበበ። ምክንያቱ ሞተሩ ነው። ማጫወቻው የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ እዚህ ያለው መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቴጁን የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ሞተሩን ከመቃጠል ያድነዋል እንጂ ኸርዙን አይነካም። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ደግሞ የሚሮጠው በኸርዙ ልክ ነው፤ 45 የነበረው ዙር 37.5 ይሆናል። ዘፈኑ ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል፣ ዘፋኙም ሌላ ሰው ይመስላል።

ለእኛ ጉዳይ የሚከፋው ሌላ ነው። ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ሲቀንስ ካርትሪጁ የሚያወጣው ቮልቴጅም በዚያው ልክ፣ 1.6 ዴሲቤል ይወርዳል። በዚህ ሁኔታ የተለካ ልክ ሁሉ ውሸት ነው። መፍትሔው በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን የቀበቶ መዘውር ዲያሜትሩ 1.2 እጥፍ በሆነው የ50 ኸርዝ መዘውር መቀየር ነው። ከተቀየረ በኋላ 1000 ኸርዝ ተነበበ፤ ከ998 እስከ 1002 ይወዛወዛል፣ ይህ ለቀበቶ ማጫወቻ ደህና ነው። ኤሌክትሮኒክ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ያላቸው፣ በቀጥታ የሚዞሩ ማጫወቻዎች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ቮልቴጁ ብቻ ይስተካከልላቸው።

2ኛ ቀን፣ የፕሪአምፑ እውነተኛ ጌይን

የቦርዱ ወረቀት 40 ዴሲቤል ይላል። በወረቀት አላመንንም።

ከኮምፒውተሩ የጆሮ ማዳመጫ መውጫ 1 ኪሎኸርዝ ድምፅ ለቀን በቴስተር 0.500 ቮልት እስኪሆን ድምፁን አስተካከልን። ይህ እንዳለ ፕሪአምፑ ውስጥ ቢገባ እጅግ ይበዛል፤ ስለዚህ በሁለት ሬዚስተር መቀነስ አለበት። 10 ኪሎኦም ከፊት፣ 100 ኦም ወደ አርዝ፤ ሁለቱም ባለ 1 በመቶ። ይህ ለ101 ስለሚያካፍል 4.95 ሚሊቮልት ይገኛል፤ ከካርትሪጁ ጋር የሚቀራረብ ልክ ነው። ሁለቱን ሬዚስተሮች በቀጥታ ፕሪአምፑ ውስጥ በሚሰካው ጃክ ላይ መበየድ ይሻላል፤ በረጅም ሽቦ ከተንጠለጠሉ የመብራቱን ኸም (ወፍራም «እምም» የሚል ድምፅ) እየለቀሙ ንባቡን ያበላሻሉ።

በቴስተር ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ። በየሱቁ ያለው ርካሹ ቢጫ ቴስተር ኤሲ የሚለካው በ200ና በ750 ቮልት ክልል ብቻ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሚሊቮልት ኤሲ ያለው ያስፈልጋል። ያም ቢሆን ብዙዎቹ ከ400 ኸርዝ በላይ ንባባቸው ይወርዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከኮምፒውተሩ በአንድ ልክ መጀመሪያ 100 ኸርዝ፣ ቀጥሎ 1 ኪሎኸርዝ መልቀቅ። ንባቡ ከተለያየ ቴስተሩ ለ1 ኪሎኸርዝ አይታመንም።

ውጤት፦ ግራ 0.470 ቮልት፣ ቀኝ 0.455። ግራው 95 እጥፍ፣ ማለትም 39.5 ዴሲቤል። የሁለቱ ልዩነት 0.3 ዴሲቤል ገደማ ስለሆነ ተወው። ቀጥሎ ድምፁን ቀስ እያልን ጨምረን ፕሪአምፑ ራሱ የት ላይ የድምፁን ጫፍ እንደሚቆርጥ አየን፦ 7 ቮልት ገደማ ሲደርስ። ሳውንድ ካርዱ ግን ጣሪያውን የሚነካው 1.0 ቮልት ላይ ነው። ይህ ልዩነት በኋላ ሁሉን ነገር ወሰነ።

አንድ ነገር እዚህ ይታወስ። ጌይን ሲባል በ1 ኪሎኸርዝ ያለው ነው። ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተለመደው የአርአይኤኤ መስመር፣ ሸክላው ሲቆረጥ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ይቀረጻል፤ ፕሪአምፑ ያንን ይገለብጣል። በ20 ኸርዝ 19.3 ዴሲቤል ይጨምራል፣ በ20 ኪሎኸርዝ 19.6 ይቀንሳል። ስለዚህ 40 ዴሲቤል የተባለው ፕሪአምፕ ለተጣመመ ሸክላ መወዛወዝ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው።

3ኛ ቀን፣ ሎድ

የቪኤም95ኢ ብሎኖች ራሱ ካርትሪጁ ውስጥ ስለሚገቡ ነት አያስፈልግም። የአራቱ ሽቦ ቀለም፦ ነጭ የግራ ፕላስ፣ ሰማያዊ የግራ ማይነስ፣ ቀይ የቀኝ ፕላስ፣ አረንጓዴ የቀኝ ማይነስ። ትንንሾቹን መሰኪያዎች በቀጭን ፒንሳ ከአንገታቸው ይዞ መግፋት እንጂ ሽቦውን መጎተት አይገባም፤ ፀጉር የምታህል ሽቦ ናት፣ አንዴ ከተበጠሰች የክንዱን ሥራ ሁሉ ታስፈታለች። የመርፌ ክብደት 2 ግራም።

ሎድ ማለት ካርትሪጁ ከፊቱ የሚያገኘው ገመድና የፕሪአምፑ መግቢያ ነው፤ ቪኤም95ኢ ከ100 እስከ 200 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ ይፈልጋል። ካርትሪጁን ነቅለን የክንዱን ሽቦና ገመዱን አንድ ላይ በካፓሲታንስ መለኪያ ስንለካ 165 ፒኮፋራድ ሆነ። ቦርዱ መግቢያው ላይ 220 ፒኮፋራድ ተበይዶበታል። ድምሩ 385። የካርትሪጁ ኢንዳክታንስ 550 ሚሊሄንሪ ነው፤ ሁለቱ ተገናኝተው ድምፁን ከፍ የሚያደርጉበት ጉብታ 11 ኪሎኸርዝ ላይ ይወድቃል። ይህ ለጆሮ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። «ስ» እና «ሽ» የሚሉ ፊደላት፣ ጸናጽልና የሸክላው ጠቅታ ሁሉ እዚያ አካባቢ ስለሚኖሩ፣ ጉብታው እነሱን አንሥቶ ወደ ጣሪያው ይወረውራቸዋል። ጌይኑ በዝቷል ብሎ ሰው የሚያማርርበት አንዳንዱ ችግር በትክክል ሲታይ ይህ ነው።

220ውን ነቅለን 22 ፒኮፋራድ በየድንን። ድምሩ 187 ላይ ቦርዱ ራሱ ጥቂት ስለሚጨምር 200 አካባቢ ሆነ፤ ጉብታው ወደ 15 ኪሎኸርዝ ወጣ። ጨርሶ ባዶ ያልተውነው ያለ ካፓሲተር የኤፍኤም ጣቢያ ሹልክ ብሎ ስለሚገባ ነው።

4ኛ ቀን፣ የመጀመሪያው ቅጂ ተቆረጠ

የመለኪያ ሸክላው በትክክለኛ ፍጥነት ከፕሪአምፑ 0.37 ቮልት አወጣ፤ ከጣሪያው 8.6 ዴሲቤል በታች። በወረቀት ሲታይ በቂ ይመስላል። በሙከራ የገባው የተበላሸ፣ ለመጣል የማያሳዝን ባለ 45 ዙር ሸክላ ግን ነሐሱ በጋራ በተነፋ ቁጥር ጣሪያውን መታ።

በኮምፒውተሩ ላይ ምስሉን አጥብቆ ማየት ያስፈልጋል። የትሩምፔቱ ማዕበል ወደ ላይ ሲወጣ ተራራ ሆኖ መሾል ሲገባው፣ ሰባት ስምንት ነጥቦች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ተደርድረዋል፤ በመጋዝ እንደተቆረጠ ግንድ። ሰባት ነጥብ በ96 ኪሎኸርዝ ቅጂ ውስጥ ከሰከንድ 1/13,000ኛ አይበልጥም፤ ጆሮ ግን ይሰማዋል፣ ነሐሱን የተቀደደ ወረቀት ያስመስለዋል።

የቆረጠው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ምንም መነካት የለበትም። በፕሪአምፑና በካርዱ መካከል የሚቀንስ ነገር አስገብቶ ያንኑ ቦታ እንደገና መቅዳት ነው። ጠፍጣፋው ጫፍ ከጣሪያው ወርዶም ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ ፕሪአምፑ ነው የቆረጠው። ጫፉ ሾሎ ከታየ ካርዱ ነበር። የእኛው ሾለ።

ሦስተኛም ተጠርጣሪ አለ፣ ያረጀ ቦይ። እሱም እንደዚሁ ያንቋርራል፤ ምስሉ ላይ ግን ጠፍጣፋ ጫፍ የለውም፣ ድምፁ ቢቀነስም አይለቅም፣ ወደ ሸክላው መሃል በተጠጋ ቁጥርም ይብሳል። እሱን ጌይን አያድነውም፤ ሰዓት ማባከን ነው።

5ኛ ቀን፣ የተሳሳተው መንገድ፣ ከዚያም ትክክለኛው

መጀመሪያ የሞከርነው የቦርዱን ጌይን መቀነስ ነው። ጌይኑን የሚወስነው ከኦፕአምፑ ወደ አርዝ የሚሄደው 220 ኦም ሬዚስተር ነው፤ ከሥሩ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለ። 220ውን በ560 ስንቀይር ጌይኑ ወደ 31.4 ዴሲቤል ወረደ። ልኩ ደህና ሆነ፣ ሁለት ነገር ግን ተበላሸ።

አንደኛ፣ እንዲህ የተሠራ ፕሪአምፕ ምንም ቢሆን ከአንድ እጥፍ በታች አይወርድም። በከፍተኛው ድምፅ አርአይኤኤ ወደ ታች ሲጎትተው ያ «አንድ» ይታገለዋል። ጌይኑ 40 ሲሆን በ20 ኪሎኸርዝ ላይ ያለው ስህተት አይቆጠርም። በ31 ግን 0.3 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ያልተጠየቀ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። 220 ኦምና 100 ማይክሮፋራድ አንድ ላይ ሆነው ከ7.2 ኸርዝ በታች ያለውን ይቆርጡ ነበር። ሬዚስተሩ 560 ሲሆን መቁረጫው ወደ 2.8 ኸርዝ ወረደ። ባለ 45 ዙር ሸክላ በሰከንድ 0.75 ጊዜ ይዞራል፤ የተጣመመ ሸክላ መነሣትና መውደቅ ከዚያ ጀምሮ እስከ ጥቂት ኸርዝ ነው። ቀድሞ በር ላይ ይመለስ የነበረው ይህ መወዛወዝ አሁን ዝም ብሎ ገባ። ምስሉ በሙሉ እንደ ጀልባ ወደ ላይና ወደ ታች ይዋልል ጀመር፤ ዘፈኑ ጣሪያውን የሚነካው በራሱ ጉልበት ሳይሆን በዚህ ማዕበል ላይ ተሳፍሮ ነው። ስፒከርም ካለ ወረቀቱ ያለ ድምፅ ሲወጣና ሲገባ ይታያል። (በተቃራኒው፣ ጌይን ለመጨመር 220ውን በ100 ኦም የሚቀይር ሰው መቁረጫው ወደ 16 ኸርዝ ስለሚወጣ ካፓሲተሩንም አብሮ ማሳደግ አለበት፤ አለዚያ ቤዙ መሳሳት ይጀምራል።)

ኤንኢ5532ን በኤንኢ5534 ለመቀየር ለሚያስብ ሰውም ይህ ይጠቅመዋል፦ 5534 ከሦስት እጥፍ በታች ሲወርድ ብቻውን አይረጋም፣ በ5ኛና በ8ኛ እግሩ መካከል 22 ፒኮፋራድ ይፈልጋል። 5532 ይህ ችግር የለበትም።

220ውን መለስን። ፕሪአምፑ እስከ 7 ቮልት የሚችል ከሆነና ሸክላው ከ2 ቮልት ብዙም የማያልፍ ከሆነ፣ ፕሪአምፑን መንካት ምንም ምክንያት የለውም። መቀነስ ያለበት ከፕሪአምፑ በኋላ፣ ከካርዱ በፊት ነው። በየቻናሉ ሁለት ሬዚስተር፦ 3.3 ኪሎኦም በመስመሩ ላይ፣ 2.2 ኪሎኦም ወደ አርዝ። በወረቀት 8 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስንለካው 9 ሆነ፤ ምክንያቱም የካርዱ መግቢያ ራሱ 10 ኪሎኦም ስለሆነ ከ2.2ቱ ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ወደ 1.8 ያወርደዋል። ይህን ያልቆጠረ ሰው ሬዚስተሮቹ ተሳስተው መስሎት ሁለት ጊዜ ይበይዳል።

ከፕሪአምፑ በፊት፣ ካርትሪጁ ላይ መቀነሻ ማስገባት ግን ፈጽሞ አይሞከር። የካርትሪጁን ሎድ ይለውጣል፣ ምልክቱንም ገና ከመጎላቱ በፊት ወደ ወለሉ ያቀርበዋል።

አሁን የመለኪያው ድምፅ ከጣሪያው 17.7 ዴሲቤል በታች ሆነ። ያው የሙከራ ሸክላ፣ ያው የነሐስ ቦታ፦ ጫፉ 4.1 ዴሲቤል በታች። ይህ ማለት ያለ መቀነሻው 5 ዴሲቤል ያህል ዘልሎ ነበር። ከመለኪያው ድምፅ ወደ እውነተኛው ዘፈን ጫፍ ያለው ርቀት 14 ዴሲቤል ነው፣ አምስት እጥፍ። ለእነዚህ ሸክላዎች የምንጠብቀው ትርፍ ቦታ ይህ ሆነ። አንዳንድ ጠቅታ አሁንም ጣሪያውን ይነካል፤ ይንካ። ጠቅታ በኋላ የሚጠፋ ነገር ስለሆነ ለእሱ ሲባል ዘፈኑን ማውረድ አይገባም።

7ኛ ቀን፣ ወለሉ

ጣሪያው ከተያዘ በኋላ ከታች ማየት ነው። ፈተናው 2 ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ እየዞረ መርፌው ተነሥቶ 30 ሰከንድ ይቀዳል። ቀጥሎ መርፌው ከዘፈኑ በፊት ባለው ባዶ ቦይ ላይ ወርዶ ያው ይደረጋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 15 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ካለ ጌይን መጨመር ምንም አያተርፍም፤ የሚሰማው የሸክላው ሹሹታ እንጂ የመሣሪያው አይደለም።

መጀመሪያ የተገኘው፦ መርፌ ተነሥቶ ከጣሪያው 61 ዴሲቤል በታች፣ በባዶ ቦይ 52። ልዩነቱ 9 ብቻ። ወለሉን ያነሣው ሹሹታ ሳይሆን 50ና 100 ኸርዝ ላይ የቆመ ኸም ነበር። ሁለት ነገር አደረግን። የማጫወቻውን የአርዝ ሽቦ በፕሪአምፑ ብሎን ሥር ቀለሙን ፍቀን አጥብቀን አሰርን፤ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለን በባትሪ ሠራን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የበለጠ ጠቀመ፤ ቻርጀሩ በዩኤስቢው በኩል ሁለተኛ የአርዝ መንገድ ይከፍታልና። ወለሉ 78 ላይ ወረደ። ልዩነቱ 26።

8ኛና 9ኛ ቀን፣ ዲኤል-103

ይህን ካርትሪጅ የፈለግነው ስለ ስሙ አይደለም። መርፌው ክብ ነው፤ የቪኤም95ኢ ሞላላ ነው። ሁለቱ የቦዩን ግድግዳ የሚነኩት በተለያየ ቦታ ስለሆነ በአንዱ የተንቋረረ ሸክላ በሌላው ሊተርፍ ይችላል። ዲኤል-103 በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከጃፓኑ ኤንኤችኬ ጋር ለስርጭት ጣቢያ የተሠራ ነው፤ ክብደቱ 8.5 ግራም፣ የመርፌ ክብደቱ 2.5 ግራም ነው። የክንዱ የኋላ ሚዛን ካልደረሰለት ተጨማሪ ክብደት ያስፈልጋል።

ችግሩ 0.3 ሚሊቮልት መሆኑ ነው። በ39.5 ዴሲቤል ከፕሪአምፑ 28 ሚሊቮልት ብቻ ይወጣል። «ቀድቶ በኮምፒውተር ማጉላት ነዋ» የሚል ሐሳብ ስላለ ሞከርነው። 20 ዴሲቤል ሲጨመርበት መርፌ ተነሥቶ 61፣ በባዶ ቦይ 55። ልዩነቱ 6። ዘፈኑ ሲነሣ ኸሙም፣ የካርዱም ሹሹታ አብረው ይነሣሉ። ኤንኢ5532 ራሱ ወደ መግቢያው ተመልሶ ሲቆጠር 0.7 ማይክሮቮልት ያህል ሹሹታ አለው። ለ4 ሚሊቮልት ይህ ከምልክቱ 75 ዴሲቤል በታች ነው፣ ለ0.3 ግን 52 ከግማሽ ብቻ።

220 ኦሙን በ22 መቀየር 20 ዴሲቤል ይሰጣል። ግን የኦፕአምፑ ሹሹታ አብሮ ስለሚጎላ ከላይ ያለው 52 ከግማሽ እዚያው ይቀራል፤ መቁረጫውም 72 ኸርዝ ላይ ስለሚወጣ ካፓሲተሩ 1000 ማይክሮፋራድ ካልሆነ ቤዝ የሚባል ነገር አይኖርም።

መፍትሔው የማሳደጊያ ትራንስፎርመር ነው፤ ያለ ኦፕአምፕ፣ ከራሱ ሹሹታ እዚህ ግባ የሚባል ሳይጨምር ያጎላልና። አንድ ለ10 እና አንድ ለ20 ሁለቱንም ሞከርን። በወረቀት አንደኛው 20፣ ሁለተኛው 26 ዴሲቤል ነው። ነገር ግን ትራንስፎርመር ሎዱንም ይለውጣል፦ ፕሪአምፑ ያለው 47 ኪሎኦም ለካርትሪጁ የሚታየው በጥቅሎቹ ዙር ብዜት (10 ወይም 20) ካሬ ተካፍሎ ነው። አንድ ለ10 ሲሆን 470 ኦም፣ አንድ ለ20 ሲሆን 117 ኦም ገደማ። የዲኤል-103 የራሱ ውስጣዊ ኦም 40 ስለሆነ ከፊሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አንድ ለ10 የሚሰጠው 3 ሳይሆን 2.76 ሚሊቮልት ነው፤ አንድ ለ20 ደግሞ 6 ሳይሆን 4.5 ገደማ።

አንድ ለ10ን መረጥን። ፋብሪካው ቢያንስ 100 ኦም ይላል፣ 117 ጠርዙ ላይ ነው፤ 470 ሰፊ ነው። ልኩም ከቪኤም95ኢ በ3.2 ዴሲቤል ብቻ ያንሳል። ስለዚህ ካርትሪጅ ሲቀየር ቦርዱም መቀነሻውም ሳይነካ ያው መስመር ይሠራል። የመለኪያው ድምፅ ከጣሪያው 20.7 ዴሲቤል በታች፣ የነሐሱ ጫፍ 7.3 በታች።

ትራንስፎርመሩ መጀመሪያ ከማጫወቻው አጠገብ ተቀምጦ ስለነበር የሞተሩን መስክ ለቀመ። 40 ሴንቲሜትር አርቀን፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርገን በጠረጴዛው ላይ እንደ ሰዓት ቀስ እያልን አዞርነው። አንድ አቅጣጫ ላይ ኸሙ ድንገት ሲሰጥም ይሰማል፤ እዚያው በተጣባቂ አሠርነው። ከትራንስፎርመሩ ወደ ፕሪአምፑ ያለው ገመድ 30 ሴንቲሜትር ነው፣ አጭር መሆን አለበት፤ የገመዱ ካፓሲታንስ ወደ ካርትሪጁ ሲመለስ መቶ እጥፍ ይሆናልና። መርፌ ተነሥቶ 72፣ በባዶ ቦይ 55። ልዩነቱ 17፤ ይበቃል።

ለማስጠንቀቂያ፦ ሁለቱ ካርትሪጆች እየተቀያየሩ ስለሚሠሩ ቪኤም95ኢ በስህተት በትራንስፎርመሩ በኩል እንዳይሰካ።  470 ኦሙ ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ያፍነዋል። የትራንስፎርመሩን መሰኪያ በቀይ ተጣባቂ ለየነው።

10ኛ ቀን፣ ሞኖ

ከሸክላዎቹ ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው። ሞኖም ቢሆን ሁለቱን ቻናል ለየብቻ መቅዳት ይሻላል። ሁለቱን ሽቦ ከፕሪአምፑ በፊት አንድ ላይ ማሰር የካርትሪጁን ሎድ ይለውጣል፣ ምርጫም ያሳጣል። በኮምፒውተሩ ላይ ሲደመሩ ዘፈኑ እዚያው ይቆያል፣ ሹሹታው 3 ዴሲቤል ያህል ያንሳል። አንደኛው የቦይ ግድግዳ በጣም ካረጀ ደግሞ ድምሩን ትቶ ደህናውን ቻናል ብቻ መውሰድ ይቻላል።

ሲደመሩ ድምፃዊው ድንገት ከጠፋና ጭረት ብቻ ከቀረ ቀይና አረንጓዴው ሽቦ ተቀያይረዋል። ዲኤል-103 ሲገባ እንዲህ ሆኖ ነበር፤ በፒንሳ ተስተካከለ።

በፕሪአምፑ ክዳን ላይ የተለጠፈው ወረቀት፦ ቪኤም95ኢ በቀጥታ፣ 2 ግራም፣ መለኪያ 17.7 በታች። ዲኤል-103 በአንድ ለ10፣ 2.5 ግራም፣ መለኪያ 20.7 በታች። መቀነሻ 9 ዴሲቤል፣ አይነካም። 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ። ላፕቶፕ በባትሪ። በየቀኑ ከመጀመሪያው ሸክላ በፊት መለኪያው አንድ ጊዜ ይጫወት፤ ንባቡ ከግማሽ ዴሲቤል በላይ ከተንቀሳቀሰ የመርፌው ክብደት፣ ቀበቶውና መሰኪያዎቹ ሳይታዩ ሥራ አይጀመር።

ነገ ሸክላዎቹ በተጣራ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባሉ።